ጥቂት የሚሰጥ ወይን፣ ጥቂት የሚሰጥ ቀፎ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ “የወይን ቅምሻ አለ፣ ና” ብሎ ወደ አንድ ሆቴል ወሰደኝ። ለካ መጠጥ መቅመስም ትምህርት ይጠይቃል! ብርጭቆው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ይሽከረከራል፣ ይሸተታል፣ ጉንጭ ውስጥ ይንገላታል፣ ከዚያ (ጉድ በሉ!) ይተፋል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ግን ገንዘብ የወጣበትን መጠጥ መትፋት ነውር ስለመሰላቸው የደረሳቸውን ሁሉ ዋጥ ዋጥ ያደርጉት ነበር። እኔም የእሳቸውን መንገድ ተከተልኩ።

አስቀማሹ ወጣት አንዱን ጠርሙስ ሲያነሳ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና “ይሄ ከትንሽ ማሳ የመጣ ነው። ግንዱ ያረጀ ነው፤ በጣም ጥቂት ነው የሚያፈራው” አለን። ሁላችንም “አሃ!” አልን።

ልጁ አልዋሸም። በፈረንሳይ ቡርጎኝ ውስጥ ሮማኔ ኮንቲ የሚባል ማሳ አለ። ስፋቱ 1.8 ሄክታር ገደማ ነው፤ በእኛ ገበሬ አቆጣጠር ሰባት ጥማድ ቢሆን ነው። በዓመት የሚወጣው ወይን ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ ነው። በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያረጀው ግንድ ከመነቀሉ በፊት 600 ጠርሙስ ያህል ተገኘ። ከእነዚያ አንዱ በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ 558,000 ዶላር ተሸጠ። አንድ ጠርሙስ! የወይን ተክል ዘለላው ሲያንስ ጣዕሙ በቀሩት ላይ ይጠራቀማል ይባላል። ስለዚህ ገበሬው በበጋ ያልበሰለውን ዘለላ እየቆረጠ ይጥላል፣ ሕጉም ከአንድ ሄክታር የሚመረተውን ወይን ይገድባል። እርግጥ ማነስ ብቻውን ጥራት አይሆንም። በረዶ የመታው ወይንም ጥቂት ነው የሚያፈራው፤ ግን ማንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያስተዋውቀውም።

ታዲያ ጠቤ ከማን ጋር ነው? ከእኛው ጋር ነው። ልብ በሉልኝ፣ እኛ ወይንን የምንጠራው “የወይን ጠጅ” እያልን ነው። በቋንቋችን ዋናው ጠጁ ነው፤ ወይኑ ዘመዱ ነው። በብርጭቆው ፊት ግን ዘመድየውን አስቀምጠን ባለቤቱን አስነሳነው።

የእኛ ንብ አናቢ ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት አምስት ኪሎ ያህል ማር ቢያገኝ ነው። ይህ ነገር በየዎርክሾፑ ወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? “ዝቅተኛ ምርታማነት”። የቡርጎኙ ግንድ ጥቂት ሲሰጥ ጥራት፣ የወንጪው ቀፎ ጥቂት ሲሰጥ ኋላ ቀርነት! ዘመናዊውን ቀፎ እየተቃወምኩ አይደለም። አሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ የሚሰጥ ቀፎ እያለ፣ ልጆች የሚያስተምር ሰው በአምስት ኪሎ ይኑር የሚል ጨካኝ አይደለሁም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ያ አምስት ኪሎ እንዴት ነው ስሙን የሚያጣው?

የትግራይ ነጭ ማር አለ። የሐረና ጫካ ማር አለ። የወንጪ ማር አለ። አበባው ሌላ፣ ወራቱ ሌላ፣ ጣዕሙ ሌላ። ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሁሉም “ማር” ነው። በሌሊት ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ በንብ ተነድፎ፣ ንጹሑን ለይቶ የቆረጠው ሰውና ስኳር የደባለቀው ሰው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እኩል ይከፈላቸዋል። እንዲያውም ስኳሩ ያተርፋል። ታዲያ ለምን ብሎ ይለፋ? ጠጅ ጣዩም እንዲሁ ነው፤ በማርና በጌሾ የሚጥለው ከስኳርና ከቀለም ጋር መወዳደር አለበት። በማግስቱ ራሳችንን ሲያመን ደግሞ “ጠጅ እኮ አይስማማኝም” እንላለን። የትኛው ጠጅ? ጠጅ መች ቀመስክና!

አናቢያችን መልአክ ነው አላልኩም። ጭስ ጭስ የሚል፣ ሰፈፉና እጩ ሳይለይ የተጨመቀ ማርም ያመጣል። ግን አስቀማሽ የሌለው ገበያ ላይ ምን ብሎ ይታረም? ቡርጎኞች ከማሳቸው እኩል የገነቡት ጠያቂ ጠጪ ነው። “ከየትኛው ማሳ? በየትኛው ዓመት?” የሚል ጠጪ። እኛ ጠጅ ቤት ገብተን የምንጠይቀው “ስንት ነው?” ብቻ ነው።

ከቅምሻው ስንወጣ ጋሼ “እስቲ አፋችንን እናሟሽ” አሉና ጠጅ ቤት ገባን። አሳላፊው “ለስላሳ ነው ደረቅ?” አለን።

“ደረቅ” አልኩት። “ለመሆኑ ማሩ ከየት የመጣ ነው?”

ከላይ እስከ ታች አየኝ። “ከመርካቶ” አለና ብርሌዎቹን አስቀምጦ ሄደ።

ጋሼ አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ጉንጫቸው ውስጥ አንገላቱት። ከዚያ ወደ በሩ ዞር አሉና፣ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተፉ።