ታብሌቱን ከሶኬት ንቀሉት የሚሉን ለየትኛው አገር ሰው ነው የሚናገሩት?

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ባትሪ ነው። ሳቁ፤ ግን አንብባችሁ ጨርሱት።

የምኖረው ገፈርሳ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ከሚጠጣለት ግድብ ብዙ ሳልርቅ። እንጀራዬ የሱቆችን ሒሳብ መያዝና ጽሑፍ መተየብ ነው። ኮምፒውተሬ ታብሌት ነው፦ ኪቦርድ አለው፣ ማቆሚያ አለው፣ ከዲቫይደር የማይነቀል ገመድ አለው። ላፕቶፕ ጠልቼ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ ላገለገለ ላፕቶፕ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የሚበቃው ላገለገለ ታብሌት ብቻ ሆኖ ቀረ። በየሰፈራችን እንደኔ በታብሌት የሚያስተምር፣ የሚተይብ፣ ዲዛይን የሚሠራ ወጣት ስንት እንደሆነ ዙሪያችሁን እዩ።

ባለፈው ክረምት የስክሪኑ ጠርዝ ከአካሉ ተላቆ ብቅ አለ። ሙጫው የለቀቀ መስሎኝ ማታ ማታ ሁለት ወፍራም መዝገብ እጭንበት ጀመር። (ይህን እንዳታደርጉ! ያበጠ ባትሪ ሲጫኑት ወይም ሲወጉት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ አጥፉት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።) በመጨረሻ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ከፍቶ አየና «ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ከሶኬት ነቅለህ ነበር መጠቀም» አለኝ። ባትሪ ግን የለውም። ለዚህ ሞዴል አይመጣም አለ።

ጠጋኙ ግማሽ እውነት ይዟል፤ አልክድም። ሊትየም አዮን የሚባለው ባትሪ ሁለት ነገር ያስረጀዋል፦ ሙቀት እና ሙሉ ሆኖ መዋል። መቶ ፐርሰንት ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ከፍተኛው ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም መውጫ ስለሌለው ያሳብጠዋል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ሙቀቱን በአየሩ ላላክክ አልችልም። የቆዳ ልባስ አልብሼው ከቻርጀሩ ጋር አንድ ላይ ያፈንኩት እኔ ነኝ። ይህን እቀበላለሁ።

የማልቀበለው «ንቀለው» የሚለውን ፍርድ ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱ። ባትሪ በዙር ይቆጠራል፤ ከሙሉ እስከ ባዶ የሚሆን አንድ ዙር ነው። ጠዋት ነቅዬ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ማታ ብሰካው በቀን አንድ ዙር በላሁ ማለት ነው። 800 ዙር ቢሰጠኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። ታዲያ በመንቀል ያተረፍኩት ምንድን ነው? በሙላት ከማርጀት ወደ በዙር ማርጀት ዞርኩ እንጂ።

ሁለተኛው ከስሌት ይበልጣል። እዚህ ሰፈር የታብሌት ባትሪ ጌጥ አይደለም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተራችን እሱ ነው። ቀን ከሶኬት ነቅዬ ባትሪውን 30 ፐርሰንት ላይ ካደረስኩት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ነገ ጠዋት ለደንበኛ የማስረክበው ሒሳብ ምን ይሆናል? «ነቅለህ ተጠቀም» የሚለው ምክር የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት አገር ነው። እኛ ተርጉመን በየቴሌግራሙ እንለጥፈዋለን።

(የባሰም አለ። «አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ ከዚያ ባዶ እስኪሆን ጨርሱት» የሚል ሻጭ ዛሬም አለ። ይህ ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን የተረፈ ወግ ነው። የዛሬውን ባትሪ ባዶ ማድረግ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።)

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ውድም አይደለም። ገመዱ ተሰክቶ እያለ ባትሪው 80 ፐርሰንት ላይ እንዲቆም የሚያደርግ አንዲት የሶፍትዌር ማብሪያ ማጥፊያ። ሳምሰንግ በብዙ ስልኮቹና ታብሌቶቹ ላይ ይህን የመሰለ አለው። አፕል በ2024 እንደ ፈረንጆቹ ለወጡት አዳዲስ አይፓዶች ሰጠና የቆዩትን ተወ። ለምን ተወ? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ የቆየው ቶሎ ሲሞት አዲሱ ይሸጣል። በርካሽ ከሚገቡት ታብሌቶች ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም፤ የኛን ገበያ የሞሉት እነሱ ናቸው።

«80 ላይ ካቆምከው መብራት ሲጠፋ 20 ፐርሰንት አጣህ ማለት አይደል?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አጣለሁ። ግን የጤነኛ ባትሪ 80 ፐርሰንት ካረጀ ባትሪ መቶ ፐርሰንት ይበልጣል። መብራት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ከተነገረ ማታውኑ ሙሉ አደርገዋለሁ። የምጠይቀው ምርጫው በእጄ ይሁን ነው።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ስለሚል አራተኛው በ2010 ሊደረግ ታቀደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በወረቀት ፋንታ በታብሌት እንዲሆን ተወስኖ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዛ። ከዚያ ቆጠራው ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት፤ ይኸው ዓመታት ነጎዱ። ቆጠራ ይራዘማል፤ ባትሪ ግን አይራዘምም። ሊትየም ባትሪ ካርቶን ውስጥ ተኝቶም ያረጃል፤ ባዶ ሆኖ ከቆየ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። ግማሽ ተሞልቶ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥና በየጥቂት ወሩ እየታየ መሞላት አለበት። ያን ሁሉ ታብሌት ሲገዙ ይህን የሚሠራ ሰውና በጀት የያዘ ውል ነበረ ወይ? በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ስለሆነ መጠየቅ መብታችን ነው።

አውሮፓውያን ይህን ለተጠቃሚው ጥንቃቄ አልተዉትም። ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ አዲስ የሚቀርብ ስልክና ታብሌት ባትሪው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት አቅሙን መያዝ አለበት፤ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላም ዋና ዋና መለዋወጫው ለሰባት ዓመት መገኘት አለበት። እዚያ «ባትሪ አይመጣም» ማለት ሕግ መጣስ ነው። እዚህ ግን «ጥፋቱ ያንተ ነው» ተብለህ ትሸኛለህ።

እኛ አውሮፓ አይደለንም። ግን ገዢዎች ነን። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ይገዛሉ። ይህን ከምታነቡት መካከል በግዥ ክፍል የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጨረታ ሰነድ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩልን፦ ታብሌቱ ቻርጅን 80 ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ይኑረው፤ አቅራቢውም መለዋወጫ ባትሪ ለአምስት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ያቅርብ። ይህን ማሟላት የማይችል አቅራቢ ዋጋው ቢረክስም ይቅርብን።