«አልቀዳም» ያለች አስተናጋጅ ለምን ትቀጣለች?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤



እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን መንገድ ላይ አግኝቼ ደኅንነቷን ብጠይቃት ከሥራ መውጣቷን ነገረችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአስተናጋጅነት በምትሠራበት ቡና ቤት አንድ ዓርብ ማታ አራት ልጆች ገብተው ድራፍት ያዝዛሉ። ሁለቱን ታውቃቸዋለች፤ የእኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እርስዋም «ለስላሳ ላምጣላችሁ እንጂ ድራፍት አልቀዳላችሁም» አለቻቸው። ባለቤቱ ይህን ሰምቶ «ዕድሜ ቆጣሪ ብዬ አልቀጠርኩሽም፤ ተነሥተው ቢሄዱ ሒሳቡን ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» አላት። እንቢ ብትል፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ተነገራት።

ድሮ በጠላ ቤትና በጠጅ ቤት ብዙውን ጊዜ ጠማቂዋም ቀጂዋም ባለቤቲቱ ራስዋ ነበረች። ጠጪው መስከሩን ስታይ «ይበቃሃል፤ ወደ ቤትህ ግባ» ለማለት የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን በትልልቁ ቤት ገንዘብ ሰብሳቢው ሌላ፣ ቀጂው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ትርፉ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ጭንቀቱ ግን በአስተናጋጂቱ ላይ ይቀራል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሥራ ውል ለሕገ ወጥ ተግባር ሊመሠረት እንደማይችል ይደነግጋል። ደመወዝም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አይቆረጥም። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብም ለስንብት ምክንያት አይሆንም። እንግዲህ «ለተማሪ ቅጂ» የሚለው ቃል እንዴት የሥራ ትእዛዝ ሊባል ይችላል?

ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ የደረሰባት ልጅ አዋጅ ጠቅሳ ከአሠሪዋ ጋር ለመሟገት አቅሙ ከየት ይመጣላታል? ይህች ልጅ የጽሑፍ ውል እንኳ አልነበራትም። ስለዚህ ባለቤቶች 21 ዓመት ላልሞላውና ለሰከረ ሰው እንደማይቀዳ፣ «አልቀዳም» ያለ ሠራተኛም እንደማይቀጣ ጽፈውና ፈርመው በግድግዳ ላይ ቢለጥፉ መልካም ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ወደ እነዚህ ቤቶች ሲገቡ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ቢጠይቁ ይገባል። እኛም ጠጪዎች አስተናጋጅ «ይበቃዎታል» ሲለን ባለቤቱን ጠርተን ባንከሰው ምንኛ ጥሩ ነበር።

እኔ ስለ መጠጥ ጉዳት በክፍል ውስጥ ስናገር የማጣው ነገር የለም። እርስዋ ግን ያንኑ ቃል በእንጀራዋ ከፈለችበት። ተማሪዎቼን ስለ ጠበቀችልኝ፣ አቤቱታዋን ለሚመለከተው ቢሮ ስታቀርብ አብሬያት ልሄድ ቃል ገብቻለሁ። ሌሎቻችሁስ፣ እንደ እርስዋ ያለች ልጅ ስታገኙ ምን ታደርጉ ይሆን?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ