አሮጌ ጌሞችም ቅርስ ናቸው

«ጌም ጊዜ ይገድላል» የሚለውን ምክር እኛ ተማሪዎች ከወላጆቻችንም ከመምህራኖቻችንም ደጋግመን ሰምተናል። ምክሩን አንቃወምም፤ ትምህርት እንደሚቀድም እናውቃለን። ሆኖም የቆዩ የቪዲዮ ጌሞች እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሊጠበቁ የሚገባቸው የፈጠራ ሥራዎች ናቸው ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ ለምን ያስቸኩላል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተሠሩት የጌም ካሴቶች ብዙዎቹ ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚይዙት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ መዝገቡም ይጠፋል። እንደ ጅቡቲ ባለ ሞቃትና ጨዋማ አየር ባለው የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ገበያውም አያድናቸውም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም።

መፍትሔ ግን አለ። ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም ኮምፒውተርን እንደ አሮጌው ማሽን እንዲሠራ ያደርገዋል። ኢንተርኔት አርካይቭም ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የቆዩ የኮንሶል ጌሞችን በብራውዘር መጫወት እንዲቻል አድርጓል።

«ይህ ስርቆት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባለመብት ያለውን ጌም ያለ ፈቃድ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል። ዛሬም የሚሸጠውን ገዝተን እንጫወት እንላለን። የማይሸጠውን ግን ቤተ መጻሕፍት ጠብቀው እንዲያሳዩት ሊፈቀድላቸው ይገባል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ጌሞችን ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ሆነው በኢንተርኔት እንዲያጠኑ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 አልተቀበለውም። እንደ እኛ ርቆ ለሚኖር ተማሪ «በአካል መጥተህ እይ» ማለት «አትይ» ማለት ነው።

ነገሩ የሌላ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ኩኩሉንና ገበታን ለስልክ ሠርቷል። የዛሬዎቹ ስልኮች ሲያረጁ እነዚህንስ ማን ያቆያቸዋል? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ጌምም የሚወረሰው የሚያስቀምጠው ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ትምህርት ቤታችን ፈጣሪዎቻቸው በነፃ የለቀቋቸውን የቆዩ ጌሞች በኮምፒውተር ክፍል የምናጠናበት፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይመድብልን። የተከበራችሁ ወላጆች ደግሞ፣ በየቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ማሽን ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ለቤተ መጻሕፍታችን ስጡልን። በልጅነታችሁ እንዴት ትጫወቱበት እንደነበረም ንገሩን፤ እኛ እንጽፈዋለን።