የጋቢናው ሰው



ስለ ሾፌር ያልተባለ ነገር የለም። ጎበዝ ሾፌር፣ ችኩል ሾፌር፣ “መንጃ ፈቃዱን ከየት አመጣው?” የሚባል ሾፌር... ስለ ጋቢናው ሰው ግን ማንም ምንም አይልም። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ቀበቶውን አስሮ በመስኮት የሚያይ ጭነት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። እኔ ግን መኪናዋ አሮጌ ስትሆን፣ በተለይ ደግሞ መሪውን የያዘችው ሴት ስትሆን፣ የጋቢናው ሰው ሥራ ከሾፌሩ ሥራ አያንስም ባይ ነኝ። እንዲያውም ለትዳር ሰው የምትመርጡ ሁሉ፣ በአበባ ያጌጠውን የሠርግ መኪና ትታችሁ በዚህ ብትመዝኑ ይሻላችኋል።

“አሮጌ መኪና ምን አደረገልሽ? ለምን አዲስ አትገዢም?” የሚል አይጠፋም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እዚህ አገር መኪና ሲገባ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፣ ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ነው የሚሰላው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲያሻቅብ አደረገ። ዕድሜው የገፋ መኪና የሚጠየቀው ታክስ ከራሱ ዋጋ በላይ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

የመንግሥት ምክንያት ባዶ ነው አልልም። ነዳጅ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የአሮጌ መኪና ጭስም ከማንም በላይ የሚጎዳው መንገድ ዳር የምትሸጠዋን እናት ነው። ውጤቱን ግን እዩት። ደሞዝተኛ ወጣት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የለውም፤ የተሻለ ያገለገለ መኪናም ከውጭ አይመጣለትም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ለአያትነት የደረሰች ዲኤክስ ዛሬም ገዢ አታጣም። ሌላ አገር መኪና ያረጃል፤ እኛ ጋ ይወረሳል።

እኔም በሦስት ዓመት ቁጠባና በአንድ ዕቁብ የወረስኳት መኪና አለችኝ። (ዓይነቷ ይቅር፤ በዕድሜ እንደምትበልጠኝ ብቻ እወቁልኝ።) የተገዛችው አዳማ ነው። ወደ አዲስ አበባ ያመጣኋት ከእጮኛዬ ጋር ነው። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ጋቢና። ስለ ጋቢናው ሰው የምለው ሁሉ የመጣው ከዚያ ጉዞ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ገና መኪናዋ ሳትነሳ ነው የሚመጣው። ደላላው ዋጋ የሚነግረው ለሱ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ “ብራዘር፣ እዚህ ጋ ተመልከት” የሚለው እሱን ነው። ብሩ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ መንጃ ፈቃዱም እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ ወሬው ግን ከራሴ በላይ ያልፋል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልማድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የጋቢናው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ደረቱን ነፍቶ የማያውቀውን ሞተር እንደሚያውቅ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ የኔ ሰው እንዳለው “እኔ አልገዛም፤ እሷን አናግራት” ይላል። አራት ቃል ናት። ከዚያች በኋላ ደላላው ፊቱን ወደኔ አዞረ።

ሁለተኛው ፈተና ወረቀት ላይ ነው። ሊብሬው በማን ስም ይዙር? አክስቴ ነገሩን ስትሰማ፣ “የኔ ልጅ፣ በሱ ስም ብታደርጊው ምን አለበት? ለወንድ ልጅ ክብሩ ነው” አለችኝ። እሷ እኔን የመከረችኝን እሱ ነው የመለሰላት፦ “እትዬ፣ ዕቁቡን የጣለችው እሷ፣ ሊብሬው የኔ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?” አክስቴ ሳቀች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ይህን ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት፤ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ይህ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው ይህ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ናቸው ይላል። በጋብቻው ዕለት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። በትዳር ውስጥ የተፈራው ደግሞ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሊብሬው በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ ነው። እንግዲህ የአክስቴ ምክር ሕጉ ከተቀየረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም በየሳሎኑ አለ ማለት ነው። ሕጉን ፓርላማ ቀየረው፤ ሳሎኑን የሚቀይረው ግን ጋቢና የተቀመጠው ሰው ነው።

(በነገራችን ላይ፣ “ስም ማዞሩ ይቆይ፣ በውክልና እንጨርስ” የሚላችሁን ሻጭ በጥርጣሬ እዩት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ሲገጥም በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።)

ሦስተኛው ፈተና መንገዱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሞተር ላውራ፤ አትሰልቹኝ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ከተማ ናት። ወደ ቤት መምጣት ማለት ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ በባሕር ጠረፍ ከነበራት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ታጣለች። ውሃም እንደዚሁ ነው። ባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ግፊቱን አምቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ግን ራዲያተሩ ጀበና ይሆናል። ሽቅብ መውጣት፣ የሳሳ አየር፣ ያለቀ ክዳን። ሦስቱ ሲገናኙ መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ ራሷ ትመርጣለች።

ስለዚህ ፈጣን መንገዱን ትተን አሮጌውን መንገድ ያዝን። በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከም አድርጎ ቃሊቲ የሚያስገባው ማለቴ ነው። ቢበላሽብን ከተማ አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ውሃ የሚሰጥ ሰው አለ። ከመነሳታችን በፊት ግን አዳማ ላይ የፍሬን ሸራ አስቀየርን። እጮኛዬ “የማትነሳ መኪና ታስቃለች፤ የማትቆም ግን ትገድላለች” ብሎ ነበር፣ እኔም በዚህ ተስማማሁ። መደገፍ ማለት ሁሉን ነገር “እሺ የኔ ቆንጆ” ማለት አይደለም። ፍሬን የሌላት መኪና ውስጥ በፈገግታ አብሮሽ የሚገባ ሰው አጃቢ እንጂ አጋር አይባልም።

ቢሾፍቱን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። የአሮጌ መኪና ሰዎች የምታውቁት ዘዴ አለ፦ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት። ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ስለሚስበው ሞተሩ ይተነፍሳል፤ ሰው ግን ይቀቀላል። በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ማሞቂያ እየነፋብን ነዳን። ከጎኔ ያለው ሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ሁለት የውሃ ጄሪካን በእግሩ መሐል ይዞ፣ ዓይኑን ከመለኪያው ላይ ሳያነሳ “አሁን ወረደ... አሁን ትንሽ ወጣ...” ይለኛል። “ብዬሽ ነበር” የሚባል ነገር አልሰማሁም። “ማርሽ ቀይሪ” የሚባልም አልሰማሁም። እኔ መንገዱን አያለሁ፣ እሱ መለኪያውን ያያል። ለኔ ድጋፍ ማለት ይኸው የሥራ ክፍፍል ነው።

ዱከም ላይ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ቆምን። (የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም! የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ያቃጥላል።) ልንነሳ ስንል ሞተሪኖው እምቢ አለ። የመንገዱ ሰው እንደ ወትሮው ደግ ነው፤ ሳንጠራው መጣ። ግን አንድ ጎልማሳ፣ “አንተ መሪውን ያዝ እንጂ፣ እሷ ትውረድ” አለው። እሱም እጅጌውን እየጠቀለለ፣ “ጋሼ፣ ጠባይዋን የምታውቀው እሷ ናት፤ ይልቅ አብረን እንግፋ” አለ። ቁልፉን አበራሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ እነሱ ገፉ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ ተነሳች። መጨረሻ ላይ ደግሞ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ነበር። መኪኖች ተጣበው ስንቆም ወርዶ የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባልኝ፤ ስንቀሳቀስ ድንጋዩን አንስቶ ተከተለኝ። እንደ ሚኒባስ ረዳት!

አሁን “ታዲያ ወንዱ ቢነዳ ምን ነውር አለው?” ትሉኝ ይሆናል። ምንም ነውር የለውም። እሱ ጎበዝ ነጂ ከሆነና አንቺ ከደከመሽ ይንዳ። የምለው ሌላ ነው። መሪው ችግር በመጣ ቁጥር በራሱ ጊዜ ወደ ወንዱ የሚሄድ ከሆነ፣ አንቺ የመኪናው ባለቤት ሳትሆኚ የደህና ቀን ሾፌር ነሽ። ሜዳ ላይ “ንጂ” የሚልሽ፣ ዳገት ሲመጣ ግን “ቆይ፣ ውረጂ” የሚልሽ ሰው ነገ በቤት ኪራዩም፣ በሥራ ለውጡም፣ በልጁ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ውሳኔ ባልከበደበት ቀን እኩልነት ለማንም አይከብድም።

እህቶቼ፣ ለናንተም ትንሽ አለኝ። “መኪና የወንድ ነገር ነው” እያልን ዘይቱንም፣ ቦሎውንም፣ ጎማውንም ለእሱ ከጣልን በኋላ ማንም አላናገረንም ብለን ብናኮርፍ አያምርብንም። መሪ መያዝ የሚፈልግ ሰው ጥቁር ዘይትም መንካት አለበት። ካንዴላ የት እንዳለ ማወቅ ጥፍር አይሰብርም። (ቢሰብርም ያድጋል።)

ወንድሞቼ ደግሞ ጋቢና መቀመጥን እንደ ሽንፈት አትዩት። ውሃ መያዝ፣ መለኪያ ማየት፣ መግፋት፣ ድንጋይ ማስገባት፣ “እሷን አናግራት” ማለት፣ አንዳንዴም ዝም ማለት። ይህን ሁሉ ሳይሰለች የሚችል ሰው በየመንገዱ አይገኝም። የጋራዥ ሰዎች፣ እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ወንዱን ፍለጋ አትንጠራሩ። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ እዩና እሱን አናግሩ፤ ከፋዩም እሱ ነው።

የኛ ትውልድ ኑሮውን የሚጀምረው በአዲስ ነገር አይደለም። በአሮጌ መኪና፣ በኪራይ ቤት፣ ባልተጠናቀቀ ዕቁብ ነው። ቀለበት ከማድረጋችሁ በፊት እስቲ በአንዲት ምስኪን መኪና ረጅም ዳገት ውጡ። ማን እንደሚቀማ፣ ማን እንደሚያኮርፍ፣ ማን ወርዶ እንደሚገፋ ያን ቀን ይታያል። ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።

ቸር ይግጠመን!