ድድ መታየቱ በሽታ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚመጡት የውበት ማስታወቂያዎች አዲስ “በሽታ” አግኝተውልናል፤ ሲስቁ ድድ መታየት። መድኃኒቱ ደግሞ ቦቶክስ ነው አሉ። መርፌውን ከመቃወሜ በፊት እኔ በበኩሌ “ሕክምና” የምትለዋ ቃል ላይ ጥያቄ አለኝ። የምን ሕመም ተገኝቶ ነው የሚታከመው?

እስቲ አሠራሩን እንየው። ቦቶክስ አንድ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው ኃይለኛ መርዝ እጅግ ጥቂቱ ተወስዶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተፈቀደው ለዓይን ሕመሞች ነበር፤ ከነሱም አንዱ የዓይን መንሸዋረር ነው። በቅንድቦች መካከል ላለው መጨማደድ የተፈቀደው በ2002 ነው። ለድድ ግን የዚያ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያጸደቀው የለም፤ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔና ኃላፊነት ነው የሚሰጡት። ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ያሉት፣ የላይኛውን ከንፈር ሽቅብ የሚስቡት ጡንቻዎች ይወጋሉ። ይዝላሉ፤ ከንፈር እንደ ድሮው አይነሳም። ለስንት ጊዜ? ብዙውን ጊዜ ለሦስትና አራት ወር። ከዚያ ድዱ ተመልሶ ከች! እንደገና ኪስ መግባት ነው። መጠኑ ከበዛ ወይም ቦታው ከተሳተ ደግሞ ሳቅ ይጣመማል፣ ከንፈርም ከመጠን በላይ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ድድ የሚታየው በከንፈር ጡንቻ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የላይኛው መንጋጋው ረዘም ያለ ነው፤ አንዳንዱ ድዱ ጥርሱን ከሚገባው በላይ ሸፍኖታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን የሚባለው መድኃኒትም ድድን ሊያሳድግ ይችላል። እንዲህ ያለችው ልጅ የሚያስፈልጋት የጥርስ ሐኪምና መድኃኒቱን ያዘዘላት ሐኪም እንጂ የውበት ሳሎን አይደለም። ማስታወቂያው ይህን ይነግራታል? አይነግራትም።

በእኛው አገር እኮ ድድ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። በሰሜኑ በኩል ብዙ እናቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ እየተወጉ በጥላሸት ተነቅሰዋል፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ማለት ነው። እንዲታይ! ይሁን እንጂ ያንንም አላሞግስም። ሕመሙ ቀላል አልነበረም፤ ለብዙ ሰው በሚያገለግል መርፌ በሽታም ይተላለፋል። ያኔ ድድ ለማሳየት ተወጋን፣ ዛሬ ድድ ለመደበቅ እንወጋ ተባልን። የሚቀየረው ፋሽኑ ነው፤ የምትወጋው ሴቷ መሆኗ ግን አልተቀየረም።

አንዲት የክፍል ጓደኛችን ካሜራ ፊት ስትቆም አፏን ሰብሰብ ታደርጋለች። “ስትስቂ ድድሽ ይታያል፣ ለስክሪን አይሆንም” ያላት ሰው አለ። ድምጿ ግን ከሁላችንም ይበልጣል፤ ይህን የማይመሰክር ያለ አይመስለኝም። አምና ተወግታ ቢሆን ኖሮ አልፈርድባትም፤ ፊቱ የራሷ ነው። ለመወጋት የፈለገ አዋቂ ሰው መብቱ ነው። ነገር ግን ወስኖ መወጋትና አፍሮ መወጋት ለየቅል ናቸው።

ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ልጆች ደግሞ የነጋዴውን ቃል እንዳለ ገልብጠን “ችግሩና መፍትሔው” ብለን ርእስ ባንሰጥ ምን አለበት? ወጊው ማነው፣ ፈቃድ አለው ወይ፣ ብልቃጡ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የኛ ሥራ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንኳ በተጭበረበረ ቦቶክስና ባልሠለጠነ እጅ ተወግተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ነበሩ።

ለሚቀጥለው የሬዲዮ ልምምድ ቡድናችን በዚሁ ርእስ ፕሮግራም ሊሠራ ተስማምቷል። አንድ የጥርስ ሐኪምና ድዳቸውን የተነቀሱ አንዲት እናት ልንጋብዝ አስበናል። ለቃለ ምልልስ ፈቃደኛ የሚሆኑ እናት ወይም አያት ያላችሁ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ካላችሁ ጠቁሙን።