«ባሌ እወስድሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ብሩስ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሳነብ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ቀጥሎ ግን ደንገጥ አልኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ዕድሜዬ 27 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ከፋሲካ በኋላ ለመጋባት ተስማምተናል። እስካሁን አብረን ከከተማ ወጥተን ስለማናውቅ፣ ለጥምቀት ሰሞን ባሌ ወስጄ ሮቤንና ጎባን፣ ቀይ ቀበሮውንና ተራራውን ላሳያት ቃል ገባሁላት። ያለን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እሷ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ሒሳቡን ስሠራው ግን ደመወዜ አልበቃ አለኝ። ከአንድ ባልደረባዬ ልበደር አስቤያለሁ። ለእሷ ግን ለመንገር አፈርኩ፤ ‹ገና ሳንጋባ እንዲህ ከሆነ...› እንዳትለኝ ፈራሁ። ለመሆኑ በሦስት ቀን ምን ምን ማየት እንችላለን? ሶፍ ዑመር ዋሻንስ ብንጨምር? ልበደር ወይስ ይቅር?»

ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ ቀላሉን ላስቀድም።

መንገዱን በእውነት ቁጠረው። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎህ ሳይቀድ ብትነሣም በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ስለዚህ «ሦስት ቀን» የምትለው መሄጃውና መመለሻው ሲቀነስ አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን! ሶፍ ዑመር ደግሞ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ወይብ ወንዝ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ድንቅ ዋሻ ነው፤ የራሱን ቀን ይፈልጋል። ለሌላ ጊዜ አቆየው። ሁሉን ላሳያት ያለ ሰው የሚያሳያት የመኪና መስኮት ነው።

የምሥራቹ ደግሞ ይኸውልህ። በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ ስትሄድ መንገዱ ራሱ የፓርኩን ሰሜናዊ ጫፍ ያቋርጣል። ዲንሾ ከመድረስህ በፊት ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሊታይህ ይችላል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤትም ዲንሾ ነው። የመግቢያውን ከፍለህ ደረሰኝህን የምትቀበለው፣ ከአካባቢው ልጆች አስጎብኚ የምትይዘው እዚያ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ የጽድና የኮሶ ደን አለ። በእግር አንድ ሁለት ሰዓት ብትዞሩበት አጋዘኑንና ከርከሮውን በቅርብ ታያላችሁ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ፈቃድ እጨምርና ሐሙስ እነሣለሁ። ሐሙስ ማታ ዲንሾ ወይም ሮቤ ማደር፤ ዓርብ ዲንሾና ጋይሳይን በእግር ማየት፣ ማታ ጎባ መግባት፤ ቅዳሜ ሳነቴ መውጣት፤ እሑድ ወደ ቤት። ከሮቤ ጎባ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ የትኛውም ከተማ ብታድር አትቸገርም። ሮቤ የዞኑ ዋና ከተማና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስለሆነች ሞቅ ያለች ናት። ጎባ የቀድሞዋ ዋና ከተማ ናት፤ ጸጥ ትላለች፣ ለተራራውም ትቀርባለች። ፈቃዱ ካልተገኘና ሦስቱ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ፦ ወይ ዲንሾ፣ ወይ ሳነቴ። ለሁለቱም ስትሮጥ ሁለቱንም ታጣለህ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ብዙ ሰው አልጋና ምግብ ያስፈራዋል። ትልቁ ወጪ ግን ከጎባ ሳነቴ የሚያወጣህ መኪና ነው። ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የሕዝብ ማመላለሻ በሳነቴ ያልፋል፤ ታዲያ አንተ ቀበሮ ፎቶ እስክታነሣ አይቆምልህም። መኪና ኮንትራት መያዝ የግድ ይሆናል። የመኪናውም የአስጎብኚውም ሒሳብ የሚከፈለው በጉዞው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱም አራት ሆናችሁ ብትሄዱም ያው ነው። ስለዚህ ከመበደርህ በፊት እንደናንተው መሄድ የሚፈልጉ ሁለት ጓደኞች ፈልግ፤ የመኪናው ወጪህ በግማሽ ይወርዳል። ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋል ደግሞ «ሳነቴ» ብለህ ብቻ አትለፈው። እስከ የት? ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይወጣል? ሪራ ይወርዳል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ነዳጁስ በማን ነው? ሁሉንም ጎባ ላይ ጨርስ። ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስልህ።

መደንገጤም ከዚህ የመጣ ነው። ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነበር። እኔም እንዳንተው ወጣት ነበርኩ፤ እኔም እንዳንተው ለአንዲት ልጅ «ባሌ እወስድሻለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ያን ጊዜ ከሻሸመኔ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ዛሬው አስፋልት አልነበረም። ጎባ ስንደርስ አቧራ ለብሰን እርስ በርሳችን እየተያየን ስንስቅ ትዝ ይለኛል። ሳቃችን ግን በማግሥቱ አለቀ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ፒክአፕ ኮንትራት ይዘን ወጣን። ኪሴ መሳሳቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳነቴ ላይ ስንደርስ ልጅቷ «ራሴን ፈለጠኝ፣ ማቅለሽለሽም አለብኝ፣ እንመለስ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «እዚህ ድረስ መጥተን? ጫፉን ሳናይ?» አልኳት። ሾፌሩ ወደ ቱሉ ዲምቱ ለመውጣት ተጨማሪ ሒሳብ ጠየቀ፤ ልክ ነበር፣ አልተነጋገርንበትም። እኔ በዚያ ብርድ ከመኪና ወርጄ ስከራከር፣ እሷ ጋቢናው ውስጥ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። በመጨረሻ «ለመሆኑ ለመመለሻ ብር ይዘሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይዣለሁ» አልኩ። አልያዝኩም ነበር። ማታ የአልጋውን ሒሳብ የከፈለችው እሷ ናት፤ ለእናቷ ነጠላ ልትገዛበት ከያዘችው። በአውቶቡስ ስንመለስ እስከ አዲስ አበባ ዐሥር ቃል አልተነጋገርንም።

ያ ጉዞ ብቻውን አለያየን አልልም። ዛሬ ሁለታችንም የየራሳችን ትዳር አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘንና ጨዋታው ተነሣ። «የታክሲ ረዳት ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ! ብሎ ሲጣራ በሰማሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል» ብላ አሳቀችኝ። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን ብሩ አልቋል ብትለኝ ኖሮ እኮ እንስቅ ነበር» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተናደደችብኝ በብሩ ማነስ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አትበደር። ዛሬ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ አጠገቧ ተቀመጥና «ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ምን እናድርግ?» በላት። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ መኪና ብላችሁ ጻፉ፤ ከታች ደግሞ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጨምሩ። እሷም ልታዋጣ ትችላለች፤ ወይም «ዘንድሮ ዲንሾ ይበቃናል» ልትል ትችላለች። ከሦስት ወር በኋላ የቤት ኪራይ አብራችሁ ልትከፍሉ አይደለም እንዴ? ሰምታ ብታኮርፍ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ማኩረፏ ይሻላል፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ከሆነ ይከብዳል። ወላጆቿም የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ይወቁ።

ያቺ ልጅ ራሷን ያመማት ደግሞ ቅብጠት አልነበረም። አዲስ አበቤ ከፍታ ለምጃለሁ ብሎ ይኩራራል። እንጦጦ እንኳ ጫፉ 3,200 ሜትር ያህል ነው። ጎባ 2,700 ገደማ ናት። ሳነቴ 4,000 ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ከአገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ በመኪና በአጭር ሰዓት ስትወጣ ሰውነት አየሩ ይሳሳበታል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ በብዛት ጠጡ፤ ቢራና አረቄ ለአዲስ አበባ ይቆዩ፤ እላይ አትሩጡ። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስመለሰ ወይም ካንገዳገደ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ካለ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። «እዚህ ድረስ መጥተን» የምትለውን ቃል ግን እቤት ጥለሃት ሂድ።

ልብስን በተመለከተ ጥር ላይ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዝናቡ የሚቀንስበት ስለሆነ ምርጫህ ጥሩ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወፍራም ሹራብ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ድርብ ካልሲ ያዙ። ለማታ ጋቢን የሚያህል የለም። ፀሐዩም ስለሚያቃጥል መነጽርና የፊት ቅባት አትርሱ። ስልክ እላይ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ በቴሌብር ብቻ ሳይሆን በእጃችሁም ጥሬ ብር ይኑር። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም መንገዱ ላይ የሚመላለሱ ሾፌሮችንና የፓርኩን ሰዎች ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

እዚያ ስትደርሱስ? ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 ያነሰ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚገኘው ባሌ ነው። የሚያድናቸው ፍልፈልና አይጦች በቀን ስለሚወጡ እሱም በቀን ያድናል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ጅባራው መካከል ሲያደባ ታዩታላችሁ። በእግር አታሳድዱት፣ ምግብ አትወርውሩለት፣ ሾፌሩም ቀስ ብሎ ይንዳ። ከቤት ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ከአንዴም ሁለቴ ፈጅቶታል፤ ስለዚህ ውሻ ይዞ መሄድ የለም። ከእንስሳው ሁሉ ይልቅ እናንተ እንግዶች ናችሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

ሰዓትና ብር ከተረፈ ከሳነቴ ማዶ ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ ሐረና ጫካን እዩ። ከዚያ ራቁት አምባ ላይ ወርዶ ሽበት የመሰለ ሽበታም ዛፍ ውስጥ መግባት ሌላ አገር የገባህ ያስመስላል። ሪራ ላይ የጫካ ቡናና ማር አለ፤ ለአማትህ አንድ ኪሎ ማር ብትይዝ አትጎዳም። ሰውን ስታገኙ «አካም ጅርቱ?» በሉ፤ ሲያስተናግዷችሁ «ገለቶማ» በሉ። በሁለት ቃል ብዙ በር ይከፈታል።

ወንድሜ፣ ሄዳችሁም ሆነ ቀርታችሁ ጻፍልኝ። በተለይ ብሩን ስትነግራት ምን እንዳለችህ ማወቅ እፈልጋለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ ተመሳሳይ ገጠመኝ ካላችሁ ላኩልኝ፤ ስማችሁ እንደተለመደው ይቆያል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!