ቀለም ዝገትን አያድንም

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ አገር ፍቅር ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት አርእስት ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ይኸውም በቆርቆሮ ተሞልቶ እየተነፋ ስለሚቀባው የመኪና ቀለም፣ በተለምዶ ስፕሬይ ስለምንለው ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ባለፈው ክረምት ቤተ ሰባችንን ሊያጣላ፣ ጎረቤትንም ሊያስቀይም ደርሶ ነበርና በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አጎቴ አንዲት ያረጀች ነጭ ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው። በአንድ የገበያ ቀን የባሕር ዛፍ አጣና የጫነች አህያ በአጠገቧ ስታልፍ የግራውን የኋላ በርና ፓራፋንጎውን ፋቀችው። ጭረቱ እስከ ላሜራው ድረስ የጠለቀ ነበር። አጎቴ «ዛሬ አሠራዋለሁ፣ ነገ አሠራዋለሁ» ሲሉ ክረምቱ ገባ፤ ነጩ ጭረትም ቡናማ ሆነ። የበሩ ሥር ከድሮም ዝገት የያዘው ስለ ነበረ በጣት ሲነኩት ይሸረፍ ጀመር። በሐምሌ ወር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ስፕሬይ ይዞ መጣ። እኔና እርሱ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ዝገቱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገን ነፋንበት። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከሩቅ ሲያዩት አዲስ ይመስል ነበር፤ እናቴም እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኛም ባለሙያ የሆን መሰለን።

ይህ ቆርቆሮ ከየት እንደ መጣ ማወቅ አይከፋም። ፈሳሽን ከታመቀ ጋዝ ጋር በቆርቆሮ አሽጎ መንፋትን በእንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1927 የፈጠራ መብት ያወጣበት ኖርዌያዊው መሐንዲስ ኤሪክ ሮትሃይም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ለወታደሮቻቸው የትንኝ መግደያ መድኃኒት በዚሁ ዓይነት ቆርቆሮ አደሉ። ቀለምን በዚህ መንገድ ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሲሞር ሲሆን፣ ዘመኑም 1949 ነው፤ የመጀመሪያው ቀለም የአሉሚኒየም መልክ ያለው ነበር። ቆይቶም ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት በ1974 ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚጐዳ አስረዱ፤ በ1987ም በሞንትሪያል ውል ተፈረመ። ዛሬ በብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ይኸውም እናቶቻችን ወጥ ከሚሠሩበት የሲሊንደር ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኦዞንን አይጐዳም፤ ነገር ግን እሳት ይወዳል። ስለዚህ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ኮሮላዋ እንመለስ። እኛ የሠራነው ሥራ ከመሠረቱ ስሕተት ነበር። ስሕተቱንም ለመረዳት ምርጊት ያየ ሰው ሁሉ በቂ ነው። በአገራችን ቤት ሲሠራ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ይመታል፤ ሲደርቅ የተሰነጠቀው ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ልስኑና ቀለሙ የሚመጣው። ማንም ሰው በሚረግፍ ግድግዳ ላይ ኖራ አይቀባም። ቢቀባም ኖራው ከግድግዳው ጋር አብሮ ይረግፋል። ብረትም እንዲሁ ነው። ዝገት ማለት ብረቱ ከአየሩ ኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ይህ አዲስ ነገር ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከበላዩ ያለውን ቀለም ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀለም ተቀብቶበት በሥሩ ርጥበት ካገኘ መብላቱን አያቆምም፤ ልዩነቱ እኛ አለማየታችን ብቻ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው ስሕተታችን ጊዜው ነበር። ከተማችን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የሐምሌን ብርድና ጉም ለናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ቲነር እየተነነ ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ርጥብ ከሆነ ጠሉ በቀለሙ ላይ ያርፍና ያደበዝዘዋል። በብርድም ጊዜ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ስለሚቀንስ ቀለሙ እንደ ጉም በመበተን ፈንታ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ሦስተኛው ስሕተት መልኩ ነው። በደጋ አገር የፀሐይ ጨረር ብርቱ ስለ ሆነ ብዙ ዓመት የኖረ ነጭ ነጭነቱን ይለውጣል። አዲሱ ነጭ በአሮጌው ነጭ ላይ ሲያርፍ በአሮጌ ጋቢ ላይ እንደ ተጣፈ አዲስ ጥበብ ያስታውቃል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። በነሐሴ ወር አጎቴ መኪናዋን ለመሸጥ ቆረጡ። ገዢው ከእናቴ ጋር በአንድ ዕድር ያሉ፣ ልጆቻቸውን በዚያች መኪና ለማስተዳደር ያሰቡ ሰው ነበሩ። መኪናዋን ዞረው አዩ፤ በሩንም በእጃቸው ዳሰሱ። «ይህ ጎኗ ደኅና ተይዟል» አሉና ቀብድ ከፈሉ። የዳሰሱት እኔ የነፋሁበትን ቦታ ነበር። በሥሩ ያለውን የማውቅ እኔ ነኝ፤ ዝም አልሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ «ጋሼ፣ የበሩን ሥር ለሰውዬው አሳይተዋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው፤ አንተ ትምህርትህን ተማር» አሉኝ። እኔም ካልነገሩ እኔው ሄጄ እንደምነግር ገለጽሁላቸው። ለታላቅ እንዲህ ብሎ መመለስ በቤታችን ያልተለመደ ስለ ነበር እናቴ እንኳ ተቈጣችኝ። አጎቴ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ግን ገዢውን አስጠርተው በሩን በዊንጭት ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ላሜራውም ተበሳ። ሰውዬው ቀብዳቸውን ተቀብለው፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ። መኪናዋ ሳትሸጥ ቀረች። በጳጉሜን ደግሞ እኛ የነፋነው ቀለም ውኃ እንደ ቋጠረ ቁስል አብጦ ፈነዳ። ያን ቀን አጎቴ ምንም ሳይሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው። ሰው መኪናውን ራሱ መቀባቱን አልነቅፍም፤ እንዲያውም እደግፋለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠብቀን መያዝ ይኖርብናል። ትንሽ ጭረት በጊዜው ቢሸፈን ዝገት አይጀምርም፤ ለትንሽ ጭረት ጋራዥ ለመሄድም ሁሉም ሰው አቅም የለውም። የምነቅፈው ከቀለሙ በፊት ያለውን ድካም ዘሎ ወደ ውበቱ መሮጥን ነው። የቆርቆሮው ቅልጥፍና ያታልላል፤ ጣት መጫን ሥራ መስሎ ይታያል።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ባቲላሜራ የሆኑ ጎረቤታችን ናቸው። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ያንኑ በር አብረን እንደ ገና ሠራነው። የተበላውን ላሜራ እርሳቸው ቆርጠው ሌላ በየዱ፤ የቀረውን ለኔ ተዉልኝ። «ልጄ፣ ቀለም የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው» ብለው በእጄ ላይ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት አኖሩ። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅሁ። ቀጥሎ ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር ተለውሶ በስሱ ተለጠፈ፤ ሲደርቅ በቁጥር 180፣ ከዚያም በ320 ተፋቀ። ስቱኮ ውኃ ስለሚጠጣ በውኃ አልፋቅነውም። ከዚያ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ከዚያ ቁጥር 600 ወረቀት፣ ከዚያ በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ቅባቱን መጥረግ ተከተለ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጠብታ ነጭ ቀለም አልነካሁም።

በሦስተኛው ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ቆርቆሮውን በውስጡ ያለችው ጥይት ከተንኳኳች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ናጥሁት። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቄ፣ እጄን ሳላቆም፣ ከጠርዙ ውጭ ጀምሬ ከጠርዙ ውጭ እየጨረስሁ ነፋሁ። የመጀመሪያው ንፍ ብረቱን በሙሉ አይሸፍንም፤ ሊሸፍንም አይገባም። አሥር ደቂቃ ያህል እየጠበቁ ስስ ስሱን ሦስት አራት ጊዜ መድገም ነው። በአንድ ጊዜ ያወፈረ ሰው ቀለሙ እንደ ዕንባ ይወርድበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። በስተመጨረሻው የሚያብለጨልጨውን ሽፋን ነፋንበት፤ ይህም ሽፋን ማድረቂያ የሌለበት ዓይነት ከሆነ ቤንዚን ሲነካው ስለሚሟሟ በነዳጅ መክደኛ አጠገብ አይበረክትም። አንድ የ400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ የሚበቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ካሬ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ስፕሬይ ለጭረትና ለትንሽ በር ነው እንጂ ኮፈኑን ወይም መኪናውን በሙሉ ለመቀባት አይሆንም። ያ ኮምፕሬሰር ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። መልኩን በሙሉ መለወጥ የፈለገ ሰው ደግሞ ቀለሙ በሊብሬው ላይ የተመዘገበ መሆኑን መርሳት የለበትም።

ስለ አደጋውም ልናገር። ከላይ እንዳልሁት ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ቆርቆሮውም ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። በብርድ ቀን ቆርቆሮውን ለማሟሟቅ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ ከምድጃ አጠገብ ማኖር ግን ሞትን መጥራት ነው። በየሰፈራችን ቆሻሻ ሲቃጠል ልጆች ባዶ የመሰላቸውን ቆርቆሮ ለድምፁ ብለው እሳት ውስጥ ሲጥሉ አይቻለሁ። ባዶ ቆርቆሮ ባዶ አይደለም። በተዘጋ ክፍል መንፋት ራስን ያዞራል፣ ሳንባንም ይጐዳል። ማድረቂያው በውስጡ ያለበት ጠንካራው ዓይነት ቀለም ደግሞ አስም የሚያመጣ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበትና ጨርቅ አፍ ላይ አስሮ መንፋት አይበቃም፤ ለባለሙያው መተው ይሻላል። የአሮጌ ቀለም ብናኝም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት ባሉበት አይፋቅም።

«ሁሉም በየቤቱ ከቀባ ባለጋራዡ ምን ይብላ?» የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ሁለት ቀን ከዋልሁ በኋላ የባቲላሜራ ዋጋ ለምን ውድ እንደ ሆነ ገባኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ከሚከራከሩት አንዱ ነበርሁ። በአገራችን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ይናቅ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይሁን እንጂ ከኛ መካከል እጁ በቀለም የቆሸሸውን ጓደኛ የሚስቅበት ዛሬም አልጠፋም። እጁን ያቆሸሸ ሰው ግን የሌላውን ድካም ይመዝናል፤ በቀለም የተሸፈነ ውሸትንም ቶሎ ይለያል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምለምነው ይህን ነው፤ ልጆቻችሁ ስፕሬይ ሲይዙ መጀመሪያ «ዝገቱን ፍቃችሁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መኪና ስትሸጡም የተቀባውን ቦታ ለገዢው በጣታችሁ አሳዩት። መምህሮቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሳይንስ ክበባችን በሰኔ ወር አንድ የዛገ ላሜራ ወስዶ ግማሹን ከነዝገቱ፣ ግማሹን አጥርቶ ፍቆ በአንድ ቆርቆሮ ይቀባው፤ ክረምቱንም በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ይዋል። በመስከረም ስንመለስ ሁላችንም እንየው። የሚመጣው ዓመት መጽሔት ውጤቱን ቢያትመው ከኔ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል።

ኮሮላዋ ዛሬም የአጎቴ ናት። በሩ ከፀሐይ አንጻር ሲያዩት አሁንም ከሌላው ጎኗ ትንሽ ነጣ ብሎ ያስታውቃል፤ አጎቴም ማንም ሰው ሳይጠይቃቸው «ይህ የተሠራ ነው» ብለው ያሳያሉ።